የቆንስሉ መጻፊያ ሳጥን፦ ከመወልወል በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች

አሮጌ የጉዞ መጻፊያ ሳጥን እጃችሁ ከገባ፣ በተለይ «የቆንስል ነበር» የሚል ወሬ አብሮት ከመጣ፣ አትወልውሉት። ናሱን አታብሩት፤ እንጨቱን ቨርኒሽ አትቀቡት፤ ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት። ሳጥኑ መቼ እንደተሠራ እንጨቱና ብረቱ ይናገራሉ። የማን እንደነበረ የሚናገሩት ግን ጭረቱ፣ የቀለም ጠብታው፣ የደበዘዘው ፊደልና ጥግ ውስጥ የተወሸቀችው ቁራጭ ወረቀት ናቸው። እነዚህ በግማሽ ቀን ጽዳት ድራሻቸው ይጠፋል፤ ከጠፉ ደግሞ የሚመልሳቸው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ማየትና ፎቶ ማንሳት፣ ቀጥሎ የላላውን ብቻ መጠገን፣ የቀረውን መተው።

ሳጥኑ ተዘግቶ ሲታይ ተራ አራት ማዕዘን ዕቃ ነው። ወርዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ 25 ገደማ፣ ቁመቱ ከ15 እስከ 18 ይሆናል። ልዩ የሚያደርገው የተቆረጠበት መንገድ ነው፤ ክዳኑና ታችኛው አካል የሚለያዩት በሰያፍ መስመር ስለሆነ፣ ሲዘረጋ ሁለቱ ግማሾች ተገጣጥመው ወደ ጸሐፊው የሚያዘቀዝቅ አንድ ሰሌዳ ይሠራሉ። ሰሌዳው በቢሊያርድ ጠረጴዛ ጨርቅ፣ በከፋይ ወይም ጠርዙ ላይ የወርቅ መስመር በታተመበት ስስ ቆዳ ይለበሳል። እያንዳንዱ ግማሽ ወደ ላይ ይነሳል፤ ሥሩ የወረቀትና የደብዳቤ ማስቀመጫ ነው። ከላይ በኩል የብዕር ማስቀመጫ ገንዳና የናስ ክዳን ያላቸው ሁለት የብርጭቆ ቀለም ብልቃጦች አሉ። እንጨቱ ማሆጋኒ፣ ዋልነት ወይም ሮዝውድ ነው። ለመኮንኖችና ለመልእክተኞች ጉዞ ተብለው በተሠሩት ላይ ማዕዘኖቹ በናስ ይታሰራሉ፤ ናሱ ከእንጨቱ ጋር እኩል እስኪሆን ተቦርቡሮ ስለሚገባ ሳጥኑ በበቅሎ ጭነት መካከል ሲጠብቅና ሲላላ የሚይዘው ነገር የለም። እጀታዎቹም ታጥፈው ጎን ውስጥ ይገባሉ።

እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሐረር ወይም ድሬዳዋ ቢገኝ አይገርምም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት የዘይላው መንገድ ወደ መሃል አገር የሚወስደው በሐረር በኩል ነበር። በ1889 ዓ.ም. በሬኔል ሮድ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ በዚሁ መንገድ አዲስ አበባ ገብቶ ሲመለስ፣ ከራስ መኮንን ጋር የሶማሌላንድን ወሰን የሚመለከተውን ደብዳቤ የተለዋወጠው ሐረር ላይ ነው።  ከዚያ በኋላም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ሐረር ላይ ቆንስላ ነበራቸው። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ፣ ሚያዝያ 30 ቀን ደግሞ ጦሩ ሲገባ፣ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ኤድዊን ቻፕማን-አንድሩስ ነው፤ ጥር 1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በኦሜድላ በኩል ድንበር የተሻገረውም እሱ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት የእንግሊዝ ጦር ሐረርንና ድሬዳዋን ያዘ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ መንግሥት በተቀየረበት ከተማ የቢሮና የቤት ዕቃ ባለቤቱን መቀየሩ የማይቀር ነው።

ቢሆንም ሻጭ «ለቆንስሉ የተሠራ ነው» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑ። እነዚህ ሳጥኖች በብዛት የተሠሩት ከ1780ዎቹ እስከ 1900 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ቀለሙን በሆዱ የያዘ ብዕር፣ በእጅ የሚንጠለጠል የጽሕፈት መኪናና የቆዳ ቦርሳ ቦታቸውን ወስደው ነበር። የዚያ ዘመን ዲፕሎማት የእንጨት መጻፊያ ሳጥን ከነበረው ከአባቱ ወይም ከአያቱ የወረሰው፣ ያለዚያ አሮጌውን የገዛው መሆን አለበት። የሳጥኑ ዕድሜና የባለቤቱ ዘመን በ60 እና 70 ዓመት ቢራራቁ ማጭበርበር አለ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የሚጠበቀው ይኸው ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ድሬዳዋ የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድ፣ የየመንና የፈረንሳይ ነጋዴዎች ከተማ ነበረች፤ ነጋዴም ደብዳቤ ይጽፋል። ማስረጃ የሌለው ሳጥን ከቆንስል ይልቅ የነጋዴ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ይህም ዋጋውን እንጂ ክብሩን አይቀንሰውም።

ዕድሜውን ለማወቅ ከብሎኖቹ ጀምሩ። እስከ 1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የእንጨት ብሎን ጫፉ ደነዝ ነበር፤ የራሱ ስንጥቅም በእጅ መጋዝ ስለሚወጣ ከመሃል ዘንበል ማለቱ የተለመደ ነው። ሹል ጫፍ ያለው የማሽን ብሎን የተስፋፋው ከ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። የመስቀል ቅርጽ ራስ ያለው ብሎን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ውስጥ ስለመጣ፣ እሱን ካያችሁ ቦታው በኋላ ተጠግኗል ማለት ነው። ለማየት አንድ ብሎን ብቻ፣ ያውም ከውስጠኛው ማጠፊያ፣ በስንጥቁ ልክ የሆነ ካቻቪቴ ይዛችሁ ፍቱ። ካቻቪቴው ከስንጥቁ ከጠበበ የናሱን ራስ ይቦጭቀዋል። በቀላል ግፊት ካልዞረ ተዉት።

ቁልፉም ይናገራል። ዘውድና «ቪ አር» የሚሉ ፊደሎች የታተሙበት ከንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ከ1837 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. ድረስ ያለ ነው። የቁልፍ ቀዳዳው ክብ ሆኖ መሃሉ ላይ ዘንግ ካለው ብራማ የሚባለው ነው፤ ባለቤትነቱ የተመዘገበው በ1784 እ.ኤ.አ. ሲሆን ውድ ሳጥኖች ላይ ብቻ ይገጠም ነበር። የብራማ ቁልፍ መክፈቻው ቢጠፋ አታስበሱት። ለውድድር የቀረበውን አንዱን በ1851 እ.ኤ.አ. ሎንደን ላይ የከፈተው አሜሪካዊው ሆብስ 51 ሰዓት ሠርቶበታል፤ ሥራውም 16 ቀን ላይ የተበተነ ነበር። የመንደር ቁልፍ ሠሪ ሩብ ሰዓት ታግሎ «መሰርሰሪያ አምጡ» ቢል አትፍቀዱ። ተራውን ባለምላስ ቁልፍ ግን ጥሩ ባለሙያ ሳይሰብር ይከፍተዋል፤ መክፈቻም ይቀርጽለታል። ከተከፈተ በኋላ ዘይት አታድርጉበት፤ ዘይት አቧራ ይዞ ይረጋና ምላሶቹን ያጣብቃል። የእርሳስ ግራፋይት ፈጭታችሁ በትንሽ ወረቀት እፍ በሉበት፣ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ የማን ነበር ወደሚለው። ክዳኑ መሃል ላይ ክብ፣ ሞላላ ወይም ጋሻ መሳይ የናስ ገጽ ይኖራል፤ ስም ወይም የስም መነሻ ፊደላት የሚቀረጹት እዚያ ነው። ባዶ የሚመስለው ሁሉ ባዶ አይደለም። ለ100 ዓመት የተወለወለ ናስ ላይ ጽሑፉ ተፍቆ ጥላው ብቻ ይቀራል። ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት ከናሱ ጎን፣ ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ፤ መብራቱን በየአቅጣጫው እያዞራችሁ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ከሰሜን ያልታየው መስመር ከምሥራቅ ይታያል። ገጹን ነቅላችሁ ሥሩን ለማየት አትሞክሩ። ይልቅ ጠርዙን በአጉሊ መነጽር እዩት፦ አሮጌ ገጽ በዙሪያው ሰምና ቆሻሻ ተከማችቶ ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆኗል፤ በቅርቡ የተለጠፈ ከሆነ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ወይም በዙሪያው የሌላ ቅርጽ ዱካ ይታያል። ፊደሉ ራሱስ? በእጅ የተቀረጸ መስመር ጫፉ ላይ እየቀጠነ ያልቃል፤ የማሽን መስመር ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው።

ቀጥሎ የክዳኑ ውስጥና የብዕር ገንዳው ሥር። የሠሪው ወይም የሸጠው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ትንሽ ወረቀት እዚያ ይለጠፋል። የደበዘዘ ጽሑፍ ካለ፣ ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ተዋሱ። የድሮው ብረት ያለበት ቀለም በዚያ መብራት ሥር ጠቁሮ ይታያል፤ በዓይን የጠፋ ፊርማ ሲወጣበት ማየት የተለመደ ነው። መብራቱ ሌላም ያገለግላል፦ ሽላክ የሚባለው የድሮው የእንጨት ልባስ (በስፕሪት የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ) ወደ ብርቱካን ያዘነበለ ቀለም ይሰጣል፤ ዘመናዊ ቨርኒሽ እንዲህ አያደርግም። የተጠገነው የትኛው ክፍል እንደሆነ በአንድ ዕይታ ይለይላችኋል።

ቀለም መምጠጫ ወረቀት ውስጡ ከቀረ ከሳጥኑ በላይ ዋጋ ያለው እሱ ሊሆን ይችላል። እርጥብ ደብዳቤ ላይ ተጭኖ ስለነበር ጽሑፉን ገልብጦ ይዞታል። ፎቶ አንሡና ስልካችሁ ላይ ግራ ቀኙን አገላብጡት። አድራሻና ፊርማ በመጨረሻ ስለሚጻፉ ቀለማቸው እርጥብ እንዳለ ይመጠጣሉ፤ ስለዚህ ከሌላው ጽሑፍ ይልቅ እነሱ ጎልተው ይቀራሉ። ለእኛ ጉዳይም የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው።

ስም ከተገኘ ማመሳከሪያው ብዙ ነው። የእንግሊዝ ከሆነ በየዓመቱ ይታተም የነበረው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች መዝገብ ማን በየትኛው ከተማ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንዳገለገለ ይዘረዝራል፤ ከ1906 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው የፖለቲካ ደብዳቤም ለንደን ውስጥ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ኤፍ ኦ 371» በሚል ቁጥር ሥር ይገኛል። የፈረንሳይ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ሰነድ ናንት ከተማ፣ የጣሊያኑ ሮም ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ ነው። የእጅ ጽሑፍ ማመሳከር የሚቻለውም እዚያ ባሉ ደብዳቤዎች ነው። ሁለት የስም መነሻ ፊደላት መግጠማቸው ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ፊደላቱ፣ ዘመኑና ቦታው ሦስቱም ሲገጥሙ ነው «ሊሆን ይችላል» ማለት የሚቻለው።

ጥሩ ማስረጃ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ የቶማስ ጀፈርሰንን ሳጥን ይመልከት። የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ረቂቅ በ1776 እ.ኤ.አ. የተጻፈበት፣ የፊላደልፊያው አናጢ ቤንጃሚን ራንዶልፍ የሠራው የማሆጋኒ ሳጥን ነው። ጀፈርሰን በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ አገሩን ወክሏል። በ1825 እ.ኤ.አ. ሳጥኑን ለልጅ ልጁ ባል ሲሰጥ፣ ማን እንደሠራው፣ ምን እንደተጻፈበት በገዛ እጁ ጽፎ አብሮ አያያዘው። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ያለው ሳጥን ያለ ጥርጥር የሱ ነው የሚባለው እንጨቱ ስለሚያምር አይደለም፤ ያ ወረቀት ስላለ ነው።

የምስጢር መሳቢያ ጉዳይ ብዙ ሰው ስለሚጠይቅበት ትንሽ ልቆይበት። በሁሉም ላይ የለም፤ በጥሩዎቹ ላይ ግን የተለመደ ነው፤ ያለበትም ቦታ ተመሳሳይ ነው፦ ከብዕር ገንዳው ሥር። የላይኛውን የመጻፊያ ግማሽ አንሡና የወረቀት ማስቀመጫውን ጉድጓድ እዩ። ጉድጓዱ ከብዕር ገንዳው ሥር ዘልቆ እስከ ሳጥኑ ግድግዳ መድረስ ሲገባው አንዲት ስስ ሳንቃ ቆማ ከዘጋችው፣ ከኋላዋ ቦታ አለ። እርግጠኛ ለመሆን በማስመሪያ ለኩ፤ የውጪው ልክና የውስጡ ልክ ሲቀናነሱ ከእንጨቱ ውፍረት በላይ ብዙ ሴንቲ ሜትር ከጎደለ መልሱ ተገኝቷል።

አከፋፈቱ ይኸውላችሁ። የቀለም ብልቃጦቹን አውጡ። ብልቃጡ የተቀመጠበትን ክፍል ከብዕር ገንዳው የሚለዩትን ስስ ግድግዳዎች አንድ በአንድ በጣት ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ። አንደኛው ከሌሎቹ ትንሽ ይላላል። እሱን ወደ ላይ ሳቡት ወይም ወደ ጎን ገፋ አድርጉት፤ ከኋላው ያለው ጠፍጣፋ የብረት ምላስ ይለቅና ስሷ ሳንቃ ራሷ ፈንጠር ትላለች። ከኋላዋ የቆዳ ወይም የጥብጣብ ጆሮ ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ መሳቢያዎች ይኖራሉ። እንቢ ካለ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፣ ወይም ምላሱ ዝጎ ጉልበት አጥቷል። ለመጀመሪያው ደረቅ ክፍል ውስጥ ክፍት አድርጎ አንድ ሁለት ሳምንት መተው ነው፤ በሐረር ክረምት ያልተከፈተ በበጋ ይከፈታል። ለሁለተኛው ከቀርከሃ የተሳለ ስስ ማንኪያ መሳይ እንጨት በሳንቃዋ የላይኛው ጠርዝ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ እርዷት። ቢላዋ አይሆንም። ከዚያች ግድግዳ አጠገብ የቢላዋ ጠባሳ ያለበት ሳጥን ብዙ ነው፤ ሁሉም የትዕግሥት ማጣት ምልክት ናቸው።

ወረቀት ከተገኘ ደርቆ ከታጠፈ አትዘርጉት፤ በማጠፊያው ላይ ይሰበራል። ወረቀት በእርጥበት አየር ይለሰልሳል የሚለው ምክር እውነት ነው፤ ነገር ግን በጽሑፉ ዙሪያ ቡናማ ጥላ ካያችሁ እርጥበቱ የቀለሙን አሲድ ወደ ወረቀቱ ያሰራጨዋልና አትሞክሩት። በቀድሞው የተፈሪ መኮንን ቤት ያለው የሐረሩ ሸሪፍ ሙዚየም በጥንታዊ ጽሑፎች ክምችቱ የታወቀ ነው፤ ጥረዛና የጽሑፍ ጥገናም በሐረር የቆየ ሙያ ነው። እዚያ መጠየቅ እቤት ከመታገል ይሻላል። ውስጡ ደማቅ አረንጓዴ ወረቀት ከተለበጠ ደግሞ ጓንት አድርጉ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያ ቀለም አርሴኒክ ባለበት ዱቄት ይሠራ ነበር።

ወደ ጥገናው ስንመጣ ዋናው ጠላት የአየር ልዩነት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሞቃትና ደረቅ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ቀዝቃዛና ክረምቷ እርጥብ ነው። እንጨት በርዝመቱ አይሸሽም፤ በወርዱ ግን ያብጣል፣ ይኮማተራል። ናስ በእርጥበት አይለወጥም። ስለዚህ የናስ መታጠቂያ በወርዱ በኩል በብሎን ሲይዘው እንጨቱ መኮማተሪያ ያጣና ከብሎኑ አጠገብ ይሰነጠቃል። ይህን ስንጥቅ በስቱኮ መድፈን የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ክረምት ሲመጣ እንጨቱ ተመልሶ ያብጣል፤ መግቢያው በስቱኮ ተይዞ ሲያገኘው በሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እያደገ ካልሆነ እንዳለ ይቆይ።

የተላቀቀ መጋጠሚያና የተነሳ ስስ የእንጨት ልባስ ግን መጣበቅ አለበት፣ ያለዚያ ተሰብሮ ይጠፋል። እዚህ ላይ የአናጢ ነጭ ኮላ አትጠቀሙ። የድሮው ሙጫ ከከብት ቆዳ የተቀቀለ ነው፤ በሙቀትና በውሃ ይለቅቃል፣ በላዩም አዲሱ ይይዛል። ነጭ ኮላ ግን በአሮጌ ሙጫ ላይ በደንብ አይዝም፤ ከያዘም ቀጣዩ ጠጋኝ ሳይሰብር አይለያየውም። የቆዳ ሙጫ ከጠፋ ጣዕምና ስኳር የሌለው የምግብ ጄላቲን ያው ዘር ነው። 10 ግራም ጄላቲን በ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ውሃውን ሁሉ ጠጥቶ ሲያብጥ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ድረስ አሙቁት። ከ70 ካለፈ ጉልበቱን ያጣል፤ ከፈላ ይጣላል። ከብሩሹ ላይ እንደ ቀጭን ማር ሲወርድ ደርሷል።

ለተነሳ ልባስ መርፌው ወፈር ያለ ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዙና ሙጫውን እንደሞቀ ከሥሩ አስገቡ፤ ሲሪንጁንም በሙቅ ውሃ አሙቁት፣ ያለዚያ መርፌው ውስጥ ይረጋል። በጣት ጫኑና የወጣውን ትርፍ በለብ ያለ እርጥብ ጨርቅ ወዲያው ጥረጉ። ከላይ ፕላስቲክ፣ በላዩ ለስላሳ ሳንቃ፣ ከዚያ ሞርሳ ወይም የአሸዋ ከረጢት አድርጋችሁ 24 ሰዓት ተዉት። ሞርሳውን ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ሙጫው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና ደረቅ እንጨት በደረቅ እንጨት ላይ ይቀራል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይነሳል።

የላይኛው ልባስ ሽላክ መሆኑን ለማረጋገጥ በማይታይ ጥግ አንድ ጠብታ ስፕሪት አድርጉ፤ በግማሽ ደቂቃ ከተጣበቀ ሽላክ ነው። ከዚያ በኋላ ስፕሪት ያለበት ነገር ሁሉ አይጠጋው፤ ከኮቪድ ወዲህ በየቤቱ የቀረው ሳኒታይዘርም ጭምር። በእጅ ላይ ያለ ሳኒታይዘር ሳይደርቅ ክዳኑን መንካት የጣት አሻራ ትቶ ይሄዳል። የብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አይነካውም። ልባሱ ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ውድ እንጨትም ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፤ ከዚያ ሰም ይበቃዋል፦ 100 ግራም ንጹሕ የንብ ሰም በ250 ሚሊ ሊትር አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ)፣ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማቅለጥ። አኳራጅ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ውሃውን ለብቻው አፍሉና ከእሳቱ አርቃችሁ አቅልጡ። በዓመት አንዴ በጣም ስስ አድርጎ መቀባትና በጥጥ ጨርቅ ማሸት በቂ ነው።

ናሱን ማብራት የሚወድ ብዙ ነው፤ ሎሚና አመድም በየቤቱ አለ። ሎሚ ከናሱ ውስጥ ዚንኩን ያወጣዋል፤ የሚቀረው መዳብ ስለሆነ ናሱ ላይ ሮዝ መሳይ ነጠብጣብ ይወጣል፣ አይለቅም። አመዱ ደግሞ ጽሑፉን ይፍቃል። በቆርቆሮ የሚሸጠው ማብሪያ በናሱ ጠርዝ ዙሪያ እንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ጠቆር ያለው ናስ ከሳጥኑ ዘመን ጋር የሚሄድ ስለሆነ እኔ ብሆን እንዳለ እተወዋለሁ። የሚያጣብቅ ቆሻሻ ካለ በጥጥ ጫፍ ጥቂት አኳራጅ አድርጎ ናሱን ብቻ መጥረግ ይቻላል።

የመጻፊያው ጨርቅ በብል የተበላ ቢሆንም የቀለም ጠብታ ካለበት አትቀይሩት። መቀየር ግድ ከሆነ አሮጌውን በፖስታ አድርጋችሁ ከሳጥኑ ጋር አስቀምጡ። አዲሱ ከዙሪያው 1 ሴንቲ ሜትር ተርፎ ይቆረጥ። ሙጫው የስንዴ ስታርች ነው፤ 1 እጅ ስታርች በ4 እጅ ውሃ፣ እያማሰሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ማብሰል፣ ከዚያ አቀዝቅዞ ወፍራም እንዳለ እንጨቱ ላይ መቀባት፤ ጨርቁን አይደለም። ከቀጠነ በጨርቁ አልፎ ይወጣና ጥቁር ዕድፍ ይሆናል። ትርፉን ገና እርጥብ ሳለ ከቆረጣችሁት ሲደርቅ ይሸሽና ጠርዙ ላይ ባዶ መስመር ይቀራል፤ ጥቂት ጠፈፍ ሲል በስለታም ምላጭ ቁረጡ። ሰሌዳው ቆዳ ከሆነና ቀይ ዱቄት እጃችሁ ላይ ከተወ ቆዳው በአሲድ ተበልቷል። ዘይትና ቅቤ አያድነውም፤ አጥቁሮ ያጠነክረዋል። በላዩ ወረቀት አልብሱና ከመነካት ጠብቁት። ሁለቱ ግማሾች የሚያያዙበት ስስ ቆዳ ወይም ጨርቅ ግን ቀድሞ የሚበጠሰው ክፍል ስለሆነ መተካት ተገቢ ነው፤ ለዚህ የሐረር መጽሐፍ ጠራዥ የሚያሳሳው የፍየል ቆዳ ይስማማል፤ ውፍረቱ ከ0.8 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ያለዚያ ሳጥኑ አይዘጋም።

ነቀዝ መኖሩን ለማወቅ ሳጥኑን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከሆኑት ቀዳዳዎች አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ከወረደ በሕይወት አለ፤ ካልወረደ ቀዳዳው አሮጌ ነው። ላምባ ማፍሰስ ልማድ ሆኗል፤ ያቆሽሻል፣ ይሸታል፣ ለእሳትም አደጋ ነው። ሳጥኑን በሁለት ድርብ ፕላስቲክ አየሩን አስወጥቶ ማሸግና ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 18 እስከ 20 ዲግሪ ለሁለት ሳምንት መተው ይሻላል። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቆጠራው ከመጀመሪያ ይጀምራል። ሲወጣ ፕላስቲኩ ለአንድ ቀን ሙሉ አይከፈት፤ ጤዛው ከውጭ ይቅር።

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ወይም በተቃራኒው ስትወስዱትም ዘዴው ይኸው ነው። በጥጥ አንሶላ፣ ከላይ በፕላስቲክ ጠቅልሉና ከደረሳችሁ በኋላ ሁለት ቀን ሳትፈቱ ተዉት፤ አየሩን ቀስ ብሎ ይላመዳል። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ኋላ አትተዉት፤ ሽላኩም ሙጫውም ይለሰልሳሉ፣ የጠቀለላችሁበት አንሶላም ክዳኑ ላይ ታትሞ ይቀራል።

ከአገር ለማውጣት የሚያስብ ካለ ደግሞ ከማሸጉ በፊት የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ይመልከት፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም፤ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። የቁልፍ ቀዳዳው ጌጥ ወይም የመሳቢያው እጀታ የዝሆን ጥርስ ከሆነ፣ ወይም እንጨቱ የብራዚል ሮዝውድ ከሆነ፣ ሁለቱም በዓለም አቀፉ የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ስለሆኑ በሚደርስበት አገርም የተለየ ወረቀት ይጠየቅበታል።